ወንድሜ «ሥላሴ በኒቅያ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው» ይለኛል

ደብዳቤው፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከእናቴና 23 ዓመት ከሆነው ታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ያደግነው ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው ማለት ይቻላል። ወንድሜ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ ሰው ‹ኦንሊ ጂሰስ› የሚላቸው ጋ መሄድ ጀምሯል። ቡና በተፈላ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየናል። ሦስት ነገር ይደጋግማል። ‹ሥላሴ› የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ በ325 የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ኒቅያ ላይ ጳጳሳት ሰብስቦ በድምፅ ብልጫ ያስወሰነው ነው፤ ሐዋርያት ያጠመቁት በኢየሱስ ስም ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሊጠመቅ ነው። እማዬ ታለቅሳለች። ፕሮቴስታንት የሆነችው አክስቴ እንኳ ‹በዚህስ ከእናትህ ጋር ነኝ› ብላ ተቆጣችው። እኔ መመለስ አቃተኝ። ታሪኩ እውነት እሱ እንደሚለው ነው? ምን ልበለው?»

መልሳችን፦

እህታችን፣ መልስ ከመፈለግሽ በፊት ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው፤ «ኢየሱስ አምላክ ነው ወይስ አይደለም?» የሚሄድበትን ቤት ትምህርት ከያዘ የሚመልስልሽ «አዎ፣ እንዲያውም አምላክ እሱ ብቻ ነው፤ አብም እሱ፣ መንፈስ ቅዱስም እሱ» ብሎ ነው። ያን ጊዜ የቪዲዮው ነገር ይገለጥልሻል። «ክርስቶስን አምላክ ያደረገው የኒቅያ ጉባኤ ነው» የሚለውን ክስ አብዝተው የሚያነሡት ክርስቶስ ፍጡር ነው የሚሉ ወገኖች ናቸው። ክሱ እውነት ቢሆን ቀድሞ የሚፈርሰው የእናትሽ ሳይሆን የሱ አዲሱ እምነት ነው። በአንድ እጁ የሰባልዮስን ትምህርት ይዞ በሌላው የአርዮስን ዱላ አንሥቷል፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ቤት የሚያድሩ አይደሉም።

ሰባልዮስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮም ላይ ያስተማረ ሰው ነው። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ ሦስት መጠሪያዎች ናቸው ብሎ በ220 ገደማ ተወገዘ። አርዮስ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ የእስክንድርያ ቄስ ነው፤ ወልድ ፍጡር ነው፣ «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» አለ። አንዱ ሦስትነቱን አጠፋ፣ ሌላው አንድነቱን። (ዓመቶቹን ወንድምሽ በቪዲዮ በሚያያቸው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ በኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀነሳል።) አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው መጽሐፈ ምሥጢር ለሰባልዮስም ለአርዮስም መልስ ሰጥቷል። ለዚህ አገር ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ስልኩ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ነጥቦች እንምጣ። «ሥላሴ የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» ሲልሽ «እውነትህን ነው» በዪው። ቃሉ የለም። «ሠለሰ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ የሊቃውንት ቃል ነው። በግሪክኛ «ትሪያስ» የሚለውን ስለ እግዚአብሔር ጽፎ የምናገኘው ቴዎፍሎስ ዘአንጾኪያ ነው፤ በ180 አካባቢ። በላቲን «ትሪኒታስ» ያለው የካርታጎው ተርቱልያኖስ ነው፤ በ213 ገደማ። የጻፈውም ልክ እንደ ወንድምሽ አስተማሪዎች «አብ ራሱ ተወልዶ ራሱ ተሰቀለ» ይል በነበረው በፕራክስያስ ላይ ነው፤ «ጰራቅሊጦስን አባረረ፣ አብን ሰቀለ» እያለ ይሳለቅበታል። ተርቱልያኖስ «አዲስ ትንቢት መጣልን» ከሚሉት ከሞንታኒስቶች ጋር ስለተቀላቀለ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ አትለውም፤ ቃሉን ግን ተቀበለችው። ከኒቅያ በፊት መቶ ዓመት ያለፈው ቃል በኒቅያ ሊፈጠር አይችልም። በዚህ ነጥብ ላይ ከዚህ በላይ ጊዜ አታጥፊ።

አንድ ጥንቃቄ፦ «በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት ናቸው፤ አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ» የሚለውን የ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ጥቅስ ይዘሽ እንዳትቀርቢ። በጥንታዊዎቹ የግሪክ ብራናዎች ውስጥ የለም። የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን ያሳተመው ኤራስመስ በ1516 እና በ1519 ዕትሞቹ ትቶት፣ በ1522 ነው ያስገባው። በብዙዎቻችን ቤት ያለው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ዕትምም አላስገባውም። ወንድምሽ ይህን ቀድሞ ሰምቶ ከሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ ትረቺያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የምትዪው ሁሉ አይሰማም።

ከታሪኩ ይልቅ ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩን የሚያበላሸው አማርኛችን ነው። «ሦስት አካል፣ አንድ ባሕርይ» ሲባል ወንድምሽ ምን እንደሚሰማ አስቢ። በዛሬ አማርኛ አካል ማለት ገላ ነው፤ «የአካል ጉዳት»፣ «አካል ብቃት» እንላለን። ባሕርይ ማለት ደግሞ ጠባይ ነው፤ «ባሕርይው ከባድ ነው» እንላለን። ስለዚህ ሰውየው የሚሰማው «ሦስት ገላ፣ አንድ ጠባይ» ነው፤ ያ ደግሞ በእርግጥ ሦስት አማልክት ነው! በሊቃውንቱ አነጋገር ግን አካል «እኔ» ባይ ማንነት ነው፤ ባሕርይ ደግሞ አንድ ነገር ያ ነገር የሆነበት ምንነት። «ማነው?» ለሚለው መልሱ አካል፣ «ምንድን ነው?» ለሚለው መልሱ ባሕርይ። «የግብር ሦስትነት» ሲባልም የገቢዎች መሥሪያ ቤት ትዝ እንዳይለው። አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ መሆናቸው ነው፤ አንዱን ከሌላው የምንለየው በዚህ ብቻ ነው። በሥልጣን፣ በፈቃድ፣ በመለኮት ልዩነት የለም።

ግሪኮቹም በዚሁ ወጥመድ ወድቀው ያውቃሉ። «ሂፖስታሲስ» ለአንዱ ወገን ማንነት ነበር፣ ለሌላው ምንነት። «ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚሉት ሦስት አማልክት የሚያመልኩ፣ «አንድ ሂፖስታሲስ» የሚሉት ሰባልዮሳውያን እየመሰሉ ሲጠራጠሩ ኖሩ። በ362 የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እዚያው ከተማ ጉባኤ ጠርቶ ሁለቱንም ወገን «በዚህ ቃል ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ አስጠየቃቸው፤ ሲፈታ እምነታቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። አንቺም ከወንድምሽ ጋር ስትቀመጪ ከጥቅስ በፊት ይህን ጥያቄ አስቀድሚ። ምናልባት የሚክደው አንቺም የማታምኚውን ነገር ይሆናል።

ወደ ኒቅያ እንለፍ። ከኒቅያ በፊት ምን ነበር? የሐዋርያት ትምህርት ተብሎ የሚታወቀው፣ ምሁራን ከ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 2ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ የሚያስቀምጡት «ዲዳኬ» በ7ኛ ምዕራፉ ስለ ጥምቀት መመሪያ ይሰጣል። በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም በሚፈስ ውሃ አጥምቁ፤ የሚፈስ ከሌለ በሌላ ውሃ፤ ቀዝቃዛ ካልሆነ በሞቀ፤ ሁለቱም ከሌለ ራሱ ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ አፍስሱ። ተጠማቂው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ይጹም ይላል። ይህ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ ውሃ ባይኖር ምን እናድርግ ለሚል ሰው የተጻፈ የሥራ መመሪያ ነው። ክርክር የሌለበት ቦታ ላይ ሦስቱ ስሞች እንደ ዋዛ መገኘታቸው ነው ቁም ነገሩ። በ112 ገደማ ደግሞ የሮም ሹም ፕሊኒ ለንጉሡ ትራጃን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሏል። ክርስቲያን ያልሆነ፣ እንዲያውም የሚያሳድዳቸው ሰው ነው የመሰከረው።

ይህን ስንል የ2ኛው መቶ ዓመት ምእመን እንደ ዛሬ የሰንበት ተማሪ «በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ» ብሎ ይመልስ ነበር ማለታችን አይደለም። እምነቱ በጥምቀቱና በዝማሬው ነበረ፤ ቃላቱ የተሳሉት ስሕተት ሲገጥማቸው ነው። አንቺም «ሁሌም ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይናገር ነበር» ብለሽ አትጀምሪ፤ አይደለም፣ ማስረጃውም በእጁ ነው። ለምሳሌ ኒቅያ ላይ የጸናው «ሆሞኡስዮስ» (በባሕርይ አንድ የሆነ) የሚለው ቃል፣ በ268 በተወገዘው የአንጾኪያ ጳጳስ በጳውሎስ ሳምሳጢ ምክንያት አንጾኪያ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት ያልተቀበሉት እንደነበረ አባቶች ራሳቸው ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ አፍ ልዩነቱን የሚያጠፋ ትርጉም ነበረውና ነው። አንዱ ቃል በአንድ ዘመን መርዝ፣ በሌላው መድኃኒት ሆነ።

በ325 የተሰበሰቡት በትውፊታችን 318 ናቸው፤ በቦታው የነበረው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ከ250 በላይ ይላል። ጥያቄው «አምላክ ሦስት ይሁን ወይስ አንድ?» የሚል አልነበረም። ጥያቄው ወልድ ከአብ ባሕርይ የተወለደ ነው ወይስ ካለመኖር የተፈጠረ የሚል ነው። መልሱን እናትሽ በቅዳሴ ይሰሙታል፤ «ተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ»፤ ተወለደ እንጂ አልተፈጠረም፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ። በመጨረሻ ከአርዮስ ጋር የቆሙት ኤጲስ ቆጶሳት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሰኩንዶስና ቴዎናስ የተባሉ የሊቢያ ሰዎች። በድምፅ ብልጫ የሚለውን ለዚህ ቁጥር መጠቀም ያስቸግራል። ስለ መንፈስ ቅዱስማ የኒቅያው ጉባኤ ያለው «በመንፈስ ቅዱስም እናምናለን» የሚል አንድ መስመር ነው። «ጌታ ማሕየዊ፣ ከአብ የሠረፀ፣ ከአብና ከወልድ ጋር የምንሰግድለትና የምናመሰግነው» የሚለው የተጨመረው በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ፣ በ150 አባቶች ነው። ቆስጠንጢኖስ ሥላሴን ወሰነ ከተባለ ሞቶ 44 ዓመት ካለፈው በኋላ መሥራቱን ቀጥሏል ማለት ነው።

ደግሞስ ንጉሡ የፈለገው ይህን ከሆነ ለምን አፈረሰው? ቆስጠንጢኖስ አርዮስን ከስደት መልሶታል። በ335 አትናቴዎስን ወደ ትሪየር የሰደደው እሱ ነው። በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀው የአርዮስ ወዳጅ የነበረው አውሳብዮስ ዘኒቆምድያ ነው። ልጁ ቆንስጣንዮስ ጭራሽ የአርዮስን ወገን ደገፈ፤ በ359 ሪሚኒና ሴሌውቅያ በተደረጉት ጉባኤያት በቤተ መንግሥት ግፊት የኒቅያን ቃል የተወ ቀመር አስፈረመ። አትናቴዎስ በ45 ዓመት ጵጵስናው አምስት ጊዜ ተሰዷል፤ ሲደመር 17 ዓመት ገደማ። ከ325 እስከ 381 ያለውን 56 ዓመት ስታይ በአብዛኛው ቤተ መንግሥቱ ከኒቅያ በተቃራኒ ነው የቆመው። ወንድምሽ ቪዲዮውን 325 ላይ ያቆመዋል፤ አንቺ አስቀጥይው።

አሁን ደግሞ ከአራት ኪሎ ልጅ አእምሮ መጥፋት የሌለበት ነገር። የቆንስጣንዮስ ግፊት እኛም ጋ ደርሷል። በ356 ገደማ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ወደ ግብፅ ላኩት፤ የሾመው አትናቴዎስ ነውና በእስክንድርያ ባለው በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር። ደብዳቤው አትናቴዎስ ለዚሁ ንጉሥ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ሙሉ ቃሉ ተቀምጧል። አክሱም የኒቅያን እምነት አልለቀቀችም። የኢዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ራሱ የሚጀምረው በእግዚአብሔር እምነትና በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ነው። ወንድምሽ የግእዙን ጽሑፍ አምጥቶ «ይኸው ‹የሰማይ ጌታ› ነው የሚለው፣ ሥላሴ የለም» ቢልሽ እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች ይለያያሉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪለት።

ሦስተኛው ጥምቀቱ ነው፤ ሦስት ሳምንት የቀረሽም ለዚህ ነው። በሐዋርያት ሥራ 2፥38፣ 8፥16፣ 19፥5 ላይ «በኢየሱስ ስም» መባሉ እውነት ነው። ግን ወንድምሽ 19ኛውን ምዕራፍ ከቁጥር 2 ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ። ጳውሎስ ኤፌሶን ላይ ያገኛቸው ሰዎች «መንፈስ ቅዱስ እንዳለ ስንኳ አልሰማንም» አሉት። እሱስ ምን ብሎ ጠየቀ? «እንኪያ በምን ተጠመቃችሁ?» ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው በክርስቲያን ጥምቀት ላይ የመንፈስ ቅዱስ ስም የሚሰማ ከሆነ ብቻ ነው። ጌታ ያዘዘው በማቴዎስ 28፥19 ነው፤ «በአብ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም»። «ስም» እንጂ «ስሞች» አለማለቱን አሳይው፤ እናንተም በቤታችሁ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» የምትሉት ለዚህ ነው። የዛሬው «በኢየሱስ ስም ብቻ» የሚል ዳግም ጥምቀት ደግሞ የተነሣው በ1913 እና በ1914 በካሊፎርኒያ ጴንጤቆስጣውያን መካከል ነው። በ325 የሚቆጥር ሰው 1913ንም ይቁጠር።

ምሳሌ ልስጥ ስትዪ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «አንድ ሰው ለሚስቱ ባል፣ ለልጁ አባት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው» አትበዪው፤ ይሄ የወንድምሽ ትምህርት ራሱ ነው፣ አጨብጭቦ ይቀበልሻል። በረዶ፣ ውሃ፣ እንፋሎትም እንደዚያው። ሦስት ጉልቻ አንድ ድስት ያቆማሉ ማለት ደግሞ ወደ ሦስት አማልክት ይወስዳል። ሊቃውንቱ የመረጡት ፀሐይን ነው፤ ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ። ጥሩነቱ አንዱ ያለ ሌላው አንድም ቅጽበት አለመኖሩ ነው፤ «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» ለሚለው መልስ ይሆናል። ጉድለቱ ደግሞ ብርሃን «እኔ» አይልም። ጉድለቱን ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። በየቤቱ የተሰቀለውን የሥላሴ ሥዕልም እንዲሁ ተጠቀሚበት፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ዓይነት ነጭ ጢም፣ አንድ ዓይነት ፊት፣ በማዕዘኑ አርባዕቱ እንስሳ። ሠዓሊው አብን አርጅቶ ወልድን ወጣት አላደረገውም፤ ማን ቀዳሚ ማን ተከታይ እንደሆነ ልትለዪ አትችዪም። ሦስት ሰው ናቸው ወደ ማለት እንዳያደርስ ግን እዚያው ይቁም።

ስትቀመጡ ከቡናው ሰዓት ውጪ ይሁን፤ ሰው በተሰበሰበበት ማንም «ተሳስቻለሁ» አይልም። 40 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ጥያቄ ለአንድ ቀን። ቪዲዮ አይከፈት፤ ከቪዲዮ የመጣ ነገር ካለ «ማን ጻፈው? በስንት ዓመት?» በዪና በወረቀት አስጽፊው። ሦስት ቦታ ብቻ ይዘሽ ቅረቢ። ማቴዎስ 3፥16-17፦ ወልድ ተጠምቆ ከውሃ ሲወጣ፣ መንፈስ ቅዱስ እንደ ርግብ ሲወርድ፣ አብ ከሰማይ ሲናገር፤ ይህን ልጅ እያለ ጥር 11 ጃንሜዳ ሲያከብረው ኖሯል። ዮሐንስ 8፥17-18፦ ጌታ የሁለት ሰዎች ምስክርነት የሚለውን ሕግ ጠቅሶ ራሱንና አብን ሁለት ምስክር አድርጎ ይቆጥራል፤ አንድ «እኔ» ብቻ ቢሆኑ ምስክርነቱ ይወድቅ ነበር። ዮሐንስ 17፥5፦ «ዓለም ሳይፈጠር በአንተ ዘንድ በነበረኝ ክብር»፤ ሰው ከመሆኑ በፊት አንተና እኔ አለ። እሱ «እኔና አብ አንድ ነን» የሚለውን ዮሐንስ 10፥30 ያነሣል፤ «ነኝ» ሳይሆን «ነን» መሆኑን ብቻ አሳይተሽ እለፊ። «የዘላለም አባት» የሚለውን ኢሳይያስ 9፥6ም ያመጣል፤ አንድ ሰው ለልጆቹ አባት ስለተባለ የራሱ አባት አይሆንም። ዘፍጥረት 18ን የአብርሃም ቤትን በዚህ ዙር አታንሺ፤ ሐምሌ 7 የምናከብረው ታላቅ ነገር ነው፣ ትርጓሜውን ላልተቀበለ ሰው ግን ማስረጃ አይሆንለትም።

የማትመልሺው ጥያቄ ከመጣ ጽፈሽ ያዥና ካቴድራሉ ላሉ መምህራን ውሰጂው። «የሥላሴን ነገር አስረዱልኝ» ብቻ አትበዪ፤ «ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ምሥጢረ ሥላሴን፣ በተለይ የሰባልዮስን መልስ» ብለሽ ጠይቂ፤ ያኔ የሚመልስልሽ ሰው ይለያል። ወንድምሽ አብሮሽ ቢመጣ ደስ ይላል፤ አስገድደሽ ግን አይሁን።

ጥምቀቱን «አትጠመቅ» ሳይሆን «አቆየው» በዪው፤ 23 ዓመቱ ነው፣ ከልካይ የለውም። «በ40 ቀንህ በሦስቱ ስም ተጠምቀሃል፤ ያ ጥምቀት ምን ጎድሎት እንደሆነ እስኪገባኝ አንድ ወር ስጠኝ» ማለት ትችያለሽ። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» ስለምንል ለናንተ ቤት ሁለተኛ ጥምቀት ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህንም ሳትደብቂ ንገሪው። ከተጠመቀም በኋላ ቢሆን ከቤት አይወጣም፣ ቡናውም አይከለከልም። ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት የንስሐ አባታችሁ ናቸው፤ እናትሽ አሁኑኑ ቢያናግሯቸው ይሻላል፣ ሦስት ሳምንቱ ሳያልቅ።